የጃፓን የሻይ ዕቃዎችን የሚያበላሹ ስህተቶች

ማቻ የሚባለውን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ቤታቸው መምታት የጀመሩ ሰዎች በዝተዋል። ደስ ይላል። የሚያሳዝነው፣ ባለሙያ በእጁ የለፋበት ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከተገዛ በኋላ፣ በአያያዝ ጉድለት መሆኑ ነው።

ቶሎ የሚጎዳው ቻሰን የተባለው የቀርከሃ መምቻ ነው። በጃፓን ናራ ውስጥ ያለችው የታካያማ መንደር መምቻውን በመሥራት 500 ዓመት ያህል ኖራለች። ቀርከሃው በብርዱ ወራት ይቀቀላል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ለዓመታት ይቀመጣል። ባለሙያው አንዱን ቁራጭ በቢላ እየሰነጠቀ 80፣ 100 ወይም 120 ጥርስ ያወጣለታል። ጫፎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ፍቆ ያሳሳል። የሻዩ ጣዕም እዚህ ላይ ይወሰናል ይላሉ።

ይህን ዕቃ ደረቁን ሻይ ውስጥ መክተት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጫፉ ይሰበራል። መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ይቆይ። ሲመቱም ሻዩ የሚመታበትን ሳህን ታች አይጫኑት፤ የእጅዎን አንጓ ወዲህ ወዲያ ያፍጥኑ እንጂ እንደ ስኳር አያማስሉ። ሳሙና ፈጽሞ አይንካው፣ ሽታውን ይይዛል። እርጥቡን በመጣበት የፕላስቲክ ዕቃ መክደንም ይሻግተዋል። በውኃ ብቻ አለቅልቀው አየር ላይ ያድርቁት።

ጥርሱ የበዛው ሁሌ ይሻላል ብሎ መግዛትም ልክ አይደለም። ብዙ ጥርስ ለቀጭኑ፣ ማለትም ዱቄቱ ላነሰው ሻይ አረፋ ያወጣል። ለወፍራሙ ግን ጥርሱ ያነሰና ጠንካራ የሆነው ይመረጣል።

ወደ ሳህኑ እንምጣ። ሃጊ በተባለችው የጃፓን ከተማ የሚሠራው ሸክላ ውኃ ይመጥጣል፣ ላዩን በለበሰው የመስታወት ሽፋን ላይም ስንጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ሻዩ በመስመሮቹ እየገባ ቀለሙን በዓመታት ይለውጠዋል። ይህን ቆሻሻ ነው ብሎ መፈግፈግ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሳህኑ ውበት እኮ እሱ ነው! ከመጠቀምዎ በፊት ንጹሕ ውኃ ያጠጡት፣ ሳይደርቅ ቁም ሣጥን አያስገቡት። ኪዮቶ ውስጥ በ16ኛው መቶ ዘመን የተጀመረው የራኩ ሳህን በአነስተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ ከዚህም በላይ በቀላሉ ይጎዳል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንና ማይክሮዌቭ ለሁለቱም አይሆኑም።

ዱቄቱ የሚቀዳበት የቀርከሃ ማንኪያ አይታጠብም፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።

የብረት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ ማሳደር አይገባም። ትኩስ እያለ ይድፉት፣ በራሱ ሙቀት ይደርቃል። ውስጡ ቀላ ቢልም አይፈግፍጉት፤ የሚፈላው ውኃ ጥርት ካለ ይተዉት።