ሁለት ፕሮሰሶች የሚጋሩት ሚውቴክስ እንዴት እንደሚሠራ

ሚውቴክስ የጋራ ዳታን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ መቆለፊያ ነው፤ ፕሮሰስ ደግሞ በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። የአንድ ፕሮግራም ትሬዶች (በውስጡ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) አብረው ይኖራሉ፣ ፕሮግራሙ ሲወድቅም አብረው ይጠፋሉ። ፕሮሰሶች ግን ለየብቻ ይሞታሉ። አንዱ ቆልፎ እያለ ቢገደል ሌላው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ንድፉን ስትጀምሩ «እንዴት ይቆለፋል?» ከማለታችሁ በፊት «የቆለፈው ቢሞትስ?» በሉ። ከዚህ በታች ያለው በሊኑክስ ላይ በፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ መስፈርት) ደንብ የሚሠራበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ሚውቴክሱ የሚቀመጥበትን የጋራ ሜሞሪ በሽም_ኦፕን ክፈቱ፣ መጠኑን በኤፍትራንኬት ወስኑ፣ በኤምማፕ ደግሞ ማፕ_ሼርድ ብላችሁ አያይዙት። ሲከፈት ኦ_ክሪኤትን («ፍጠር») እና ኦ_ኤክስክልን («ቀድሞ ካለ እምቢ በል») አንድ ላይ ስጡ፤ እኩል ከሚሽቀዳደሙት ፕሮሰሶች የሚሳካለት አንዱ ብቻ ይሆናል፣ ሚውቴክሱን የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። የተቀደሙት እንደገና በተለመደው መንገድ ይክፈቱት፤ ሆኖም መጠኑ ገና ዜሮ ሳለ ከነኩት በሲግባስ (የሌለ ሜሞሪ ሲነካ ፕሮግራሙን የሚጥል ሲግናል) ይወድቃሉ። መጠኑን አይተው፣ ቀጥሎ «ዝግጁ» የሚል ምልክት 1 እስኪሆን ይጠብቁ። አዲስ የጋራ ሜሞሪ በዜሮ ተሞልቶ ስለሚመጣ ምልክቱ ከ0 ይነሳል፤ አዘጋጁ ሁሉን ከጨረሰ በኋላ በአቶሚክ (በማይከፋፈል) ጽሑፍ 1 ያደርገዋል።

ሚውቴክሱን ስታዘጋጁ ፕሮሰስ_ሼርድ የሚለውን ባሕርይ ስጡት። ካልተናገራችሁ የአንድ ፕሮሰስ ብቻ ሆኖ ይፈጠራል። ይህ ስሕተት አታላይ ነው፤ ፉክክር በሌለበት ሙከራ ሁሉ ደህና ይመስላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲፈልጉት ግን ተራውን የሚጠብቀው ይተኛል፣ ከርነሉም (የሊኑክስ እምብርት) የሌላውን ፕሮሰስ ቅስቀሳ ከእሱ ጋር ስለማያገናኘው ላይነቃ ይችላል።

አሁን ወደ ሞቱ እንምጣ። ሮበስት የሚለውን ባሕርይ ጨምሩ። ያን ጊዜ የያዘው ቢሞት ቀጣዩ ቆላፊ ኢኦውነርዴድ የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ እንደ ስሕተት ቢመስልም ቁልፉ በእጁ ገብቷል። ዳታውን ይጠግን፣ በኮንሲስተንት ጥሪ ሚውቴክሱን ያድሰው፣ ከዚያ ይክፈተው። ሳያድስ ከከፈተው ሚውቴክሱ ለዘለቄታው አይሠራም።

ጥገናውን ማቅለል የንድፉ ሥራ ነው። መልእክት የሚደረደርበት ወረፋ አላችሁ እንበል፤ መልእክቱን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ቆጣሪውን በመጨረሻ ጨምሩ። ጸሐፊው መሐል ላይ ቢሞት ቆጣሪው ስላልተነካ ግማሹ መልእክት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፣ ቀጣዩም በላዩ ይጽፍበታል።

በጋራ ሜሞሪ ውስጥ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) አታስቀምጡ፤ ሜሞሪው በየፕሮሰሱ የተለያየ አድራሻ ላይ ሊያያዝ ስለሚችል ከመነሻው ያለውን ርቀት ጻፉ። 32 ቢት እና 64 ቢት ፕሮግራሞችንም አታቀላቅሉ፤ በኢንቴል ማሽን ላይ በጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ሚውቴክሱ በ32 ቢቱ 24፣ በ64 ቢቱ 40 ባይት ነው።

ሴማፎር (ስንት መግባት እንደሚችሉ የሚቆጥር መሣሪያ) ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ለመቆለፊያ አልመርጠውም፤ ባለቤት ስለሌለው ማን እንደሞተ የሚነግራችሁ የለም። በዊንዶውስ ደግሞ ስም የተሰጠው ሚውቴክስ ተጠቀሙ፤ ባለቤቱ ሲሞት ዌይት_አባንደንድ ይላችኋል። ክሪቲካል ሴክሽን የሚባለው ሌላው የዊንዶውስ መቆለፊያ ግን ከአንድ ፕሮሰስ አይወጣም።

ስትፈትሹ በመቆለፉና በመክፈቱ መካከል የ30 ሰከንድ እንቅልፍ አስገቡ፣ ያንን ፕሮሰስ በ9 ቁጥር ሲግናል ግደሉት፣ ሌላኛው ወዲያው ነቅቶ ኢኦውነርዴድን ማግኘቱን ተመልከቱ።