ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ ከሒሳባችሁ ከቀነሰ

ማሽኑ ብሩን ሲቆጥር ይሰማል፣ ብሩ ግን አይወጣም፤ ወዲያው ግን «ከሒሳብዎ 4,000 ብር ተቀንሷል» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ካርዱን መልሳችሁ አትክተቱ። እኔ በድንጋጤ ደግሜ ሞክሬ ሁለቴ ተቀንሶብኛል። ረጋ ብላችሁ ጠብቁ፤ አንዳንዴ ብሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሒሳባችሁ ይመለሳል።

ካልተመለሰ አቤት የምትሉት ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው። ብዙ ሰው የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው፤ የሌላ ባንክ ማሽን ተጠቅሞ የማሽኑ ባለቤት ባንክ በር ላይ ሲሰለፍ ይውላል። ያ ባንክ የእናንተን ሒሳብ አያይም። ባንኮቹ ኢትስዊች በሚባለው የጋራ የክፍያ መረብ በኩል ስለሚገናኙ ጥያቄውን የሚያስተላልፍላችሁ የራሳችሁ ባንክ ነው።

ከማሽኑ ከመራቃችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ መለያ ቁጥር ከተለጠፈበት እሱም ይታይ። ደረሰኝ ከወጣ አስቀምጡት፣ የስልክ መልእክቱንም አታጥፉት። ቅጽ ስትሞሉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ እናንተ «ከምሽቱ 2፡15» ስትሉ ሲስተሙ ላይ የሚታየው 20፡15 ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ብቻ ስንት ሰው ይመላለሳል! የአቤቱታውን ቁጥር ወይም የቅጹን ኮፒ ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሱ፤ ሰራተኛው ቢቸኩልም በትሕትና ጠይቁት።

ደግሞ አደራ፣ «ብርዎን ላስመልስልዎ» ብሎ ለሚደውል ሰው የሚስጥር ቁጥራችሁን እንዳትሰጡ።