ጸበል ስትገቡ ኪኒኑን አትተዉት

ጸሎት ይሰራል አይሰራም የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉት። ሰው ሲታመም ቤተሰብ ጸበል ይዞት ይሄዳል፣ ይሄ የማይቀር ነው። የሚያጨቃጭቀው መድኃኒቱ ነው። "ጸበል ገብተህ ኪኒን ከዋጥክ እምነት የለህም" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አጥማቂው ሳይሆን አጠገባችሁ ያደረው ጸበልተኛ ነው።

ለእሱ መልስ ይዛችሁ ሂዱ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ስትታመም ጸልይ ይልና ወዲያው ለሐኪምም ቦታ ስጠው ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣውም እግዚአብሔር ነው ይላል። እንጦጦ ማርያም ጸበል የገቡ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ከፓትርያርክ በላይ አውቃለሁ ከሚል ጋር አትከራከሩ፣ ዋጡና ተኙ።

ከመሄዳችሁ በፊት ክትትል ወዳላችሁበት ጤና ጣቢያ ጎራ በሉና ጸበል ልገባ ነው ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ሱባኤ ይራዘማል፣ ስለዚህ ትርፍ መድኃኒት ጠይቁ። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ በቀን ስንት ሊትር መጠጣት እንደምትችሉ እዚያው ጠይቁ፤ ጸበልም ቢሆን ሆድ ውስጥ ሲገባ ውሃ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒኑን በአንዴ ካቆመ በሽታው ብሶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም መንቀጥቀጡ አላቆም ብሎ ሕይወት ያጠፋል። ማታ ማታ ማስዋጥ የአስታማሚው ሥራ ይሁን። ሲጠመቅም ብቻውን አይቁም፣ የሚይዘው ሰው ይኑር።

የስኳር ሕመምተኛ ጣጣው ይበዛል። ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠመቃል፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ምግብ የለም፤ ኢንሱሊን ተወግቶ እንዲህ ከቆየ ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል። አጠገቡ ያለው ሁሉ "ሰይጣኑ ሊለቀው ነው፣ ሊጮህ ነው!" ብሎ ውሃ ሲጨምርበት እናንተ ስኳር ወይም ከረሜላ አፉ ውስጥ አድርጉ። ራሱን ከሳተ ግን ምንም አታጉርሱት፣ ወደ ሐኪም ሩጡ። ይሄን ፈርቶ ኢንሱሊኑን ጨርሶ መተው ደግሞ የባሰ ነው፤ በተለይ ስኳር በልጅነቱ የጀመረው ሰው ያለ ኢንሱሊን በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪም ጋር፣ የጾሙን ነገር ከንስሐ አባት ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አሁን ወደ ከባዱ። የኤችአይቪ ታካሚ ደሙ ተመርምሮ "ቫይረሱ አይታይም" ሲባል "ድኛለሁ!" ይላል። ደስታው ይገባኛል። ግን ይሄ ውጤት መድኃኒቱ ቫይረሱን ተጭኖ ይዞታል ማለት ነው እንጂ ከሰውነት ወጥቷል ማለት አይደለም። ካቆመ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ስለት አስገቡ፣ እልል በሉ፣ ኪኒኑን ግን በዚያው ሰዓት ዋጡ። ተፈውሻለሁ የሚል ሰው ሐኪሙ ራሱ በምርመራ አይቶ አቁም እስኪለው ቢጠብቅ እግዚአብሔር የሚቀየም አይመስለኝም።

የቀጠሮ ቀን ሱባኤ መሃል ከዋለ ለአጥማቂው ነግራችሁ ሂዱ። ሲመሽ ትመለሳላችሁ።