አካል ጉዳተኞችን ከቀጣሪ የሚያገናኝ ሥልጠናና የቅጥር መድረክ እንዴት ይዘጋጃል

ለአካል ጉዳተኞች ሥልጠና ተሰጥቶ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በወሩ አንድም ሰው ሥራ ሳይገባ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ዝግጅቱ ከአዳራሽ ኪራይ ስለሚጀመር ነው። መጀመር ያለበት ከሥራ መደቡ ነው። ማን ይቀጥራል? በምን መደብ? ያ መደብ ከእጅ፣ ከዓይን፣ ከጆሮና ከእግር ምን ይፈልጋል? ይህ ሳይታወቅ ሠልጣኝ መመልመል ብዙ በር አንኳኩተው የተመለሱ ሰዎችን እንደገና ማሳዘን ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ አዲስ አበባ ውስጥ ለ60 ሥራ ፈላጊዎችና ለ12 ቀጣሪዎች የተሰላ ነው። ቁጥሩን እንደ አቅማችሁ ቀንሱት፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትለውጡት።

መጀመሪያ ቀጣሪው

ከመድረኩ 10 ሳምንት አስቀድማችሁ ቀጣሪዎችን ማነጋገር ጀምሩ። ደብዳቤው ላይ «ትብብር» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ትብብር ታገኛላችሁ፤ ውሃ ይገዛሉ፣ ባነር ያሠራሉ፣ ሰው ግን አይቀጥሩም። ጥያቄያችሁ «በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በጀት የተያዘላቸው ክፍት መደቦች የትኞቹ ናቸው?» የሚል ይሁን። መደብ፣ ብዛትና ደመወዝ የሌለበት መልስ ከመጣ ያ ድርጅት ለዚህ ዙር አልደረሰም፤ አመስግናችሁ ለሚቀጥለው አቆዩት።

ሕጉንም ይዛችሁ ሂዱ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ መሣሪያ እንዲያቀርብና ሥራውን የሚያግዝ ረዳት እንዲመድብ ኃላፊነት ይጥልበታል። አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው ሲኖርም የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ ነው። ይህን የምታነሡት ለማስፈራራት አይደለም፤ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆነው ይህ አዋጅ መኖሩን ጨርሶ ያልሰሙ ሰዎች ስለሚያጋጥሟችሁ ነው።

መደብ ያቀረበ ድርጅት ዘንድ ግማሽ ቀን ሂዱና ሥራው ሲሠራ እዩ። ማስታወቂያው «የተሟላ ጤንነት ያለው» ወይም «መንጃ ፈቃድ ያለው» የሚል ከሆነ ሥራው በእርግጥ ያንን ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከድሮ ማስታወቂያ ተገልብጦ የመጣ ነው፤ ማንም አስቦበት አያውቅም፤ በዚያች መስመር የተነሣ ግን የሚቀሩ አመልካቾች አሉ።

የጥሪ ማዕከል ለዓይነ ስውራን ምቹ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ሶፍትዌሩ ከፈቀደ። ሠራተኛው በአንድ ጆሮው ደንበኛውን፣ በሌላው ስክሪን ሪደሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ እየሰማ ነው የሚሠራው። እናንተም ማውሱን ወደ ጎን አድርጉና በታብ ቁልፍ ብቻ የደንበኛውን መዝገብ ከፍታችሁ ቅሬታ እስከ መመዝገብ ለመድረስ ሞክሩ። ከዚያ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር አስነሥታችሁ ድገሙት። የቁልፉን ስም ሳይናገር «በተን፣ በተን፣ በተን» እያለ ካለፈ ሶፍትዌሩን የሠራው ባለሙያ ለቁልፎቹ ስም አልሰጣቸውም ማለት ነው። እንዲስተካከል ዝርዝሩን ጽፋችሁ ስጡ። ከቅጥር በፊት ያልተስተካከለ ነገር ከቅጥር በኋላ «አልቻለም» ተብሎ በሠራተኛው ላይ ይጻፋል።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ሠራተኞች ስፌቱ ችግር አይሆንም። ተቆጣጣሪው ሰው የሚጠራው በጩኸት መሆኑና የእሳት አደጋ ደወሉ ድምፅ ብቻ መሆኑ ነው ችግሩ። ከደወሉ ጋር ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይገጠም። እስኪገጠም ድረስ በአደጋ ጊዜ ትከሻ ነክቶ የሚያስወጣ የሥራ ባልደረባ በስም ይመደብ፤ ፈረቃ ሲቀየርም ተተኪው ይታወቅ።

ጥሪና ምዝገባ

ማስታወቂያው በቴሌግራም በፎቶ ብቻ ከተለቀቀ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው በአግባቡ ሊያነበው አይችልም። ከፎቶው ሥር ሙሉውን ጽሑፍ ለጥፉ፤ ጽሑፉም በዩኒኮድ የተተየበ ይሁን። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ የያዘው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ነገር ያነበንባል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አንድ አንቀጽ ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ደህና ነው፤ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ከሆነ ሰነዱ እንደገና ይተየብ።

መስማት ለተሳናቸው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አዘጋጁ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ምልክት ቋንቋ ነው፤ የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ረጅም የጽሑፍ ማስታወቂያ ይከብዳል። ጥሪው በኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር፣ በኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና በሌሎቹም የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በኩል ይተላለፍ።

የምዝገባ ቅጹ «የጉዳትዎ ዓይነት» ከሚለው ይልቅ «ሥልጠናውን ለመከታተል ምን እናዘጋጅልዎ?» የሚለውን ያስቀድም፦ አስተርጓሚ፣ ብሬል፣ ለስልክ የሚላክ ጽሑፍ፣ የዊልቸር መግቢያ፣ ረዳት ይዞ መምጣት። «በምን እናግኝዎ፦ በጥሪ ወይስ በጽሑፍ መልእክት?» የሚለውም አይቅር። መስማት ለተሳናት አመልካች ሦስት ጊዜ ተደውሎ «ስልክ አታነሣም» ተብላ ከዝርዝር የወጣችበት ምዝገባ ጥቂት አይደለም።

ቀኑና አዳራሹ

ኅዳር 24 የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ነውና ሁሉም ያን ሳምንት ይመርጣል። ለቅጥር መድረክ ግን መጥፎ ሳምንት ነው፤ አስተርጓሚዎች ተይዘዋል፣ ኃላፊዎች በየስብሰባው ናቸው። ጥርና የካቲት ይሻላሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ተዉት፦ ጭቃው ለዊልቸርና ለክራንች አደጋ ነው፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤት በጀት በመዝጋት ተወጥሯል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚጠቀሙትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው ያዝዛል። ይሁን እንጂ «ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ነው» የሚለውን ቃል በስልክ አትመኑ፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የራምፑ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ርዝመት የከፍታው ቢያንስ 12 እጥፍ ይሁን። 15 ሳንቲ ሜትር ለምታህል አንዲት ደረጃ 180 ሳንቲ ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል ማለት ነው። በዝግጅቱ ዋዜማ 30 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ላይ አንድ ሜትር ጣውላ ጣል ተደርጎ «ራምፕ አለ» ይባላል፤ እዚያ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል። በሩ ተከፍቶ ንጹሕ ስፋቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የመጸዳጃ ቤቱንም በር ለኩ፤ አዳራሹ ሰፊ ሆኖ የመጸዳጃው በር 60 የሆነበት ቦታ ብዙ ነው፣ ያኔ ዊልቸር ተጠቃሚው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት 150 በ150 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። የቃለ መጠይቅ ጠረጴዛው ሥር ለጉልበት 70 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን።

ሊፍት ካለ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያስነሣ እንደሆነ ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ ደረጃ ሳይወጣና ሳይወረድ የሚገባበት አዳራሽ ተከራዩ። መብራት ሲጠፋ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከማይክራፎኑ በላይ የሚያጡት ብርሃን ነው፤ በቻርጅ የሚሠራ መብራት አዘጋጁና የአስተርጓሚው ፊትና እጅ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። አስተርጓሚው መስኮት ጀርባው ሆኖ አይቁም፤ ፊቱ ይጨልማል።

የትራንስፖርት አበል ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሁን። ዊልቸር ተጠቃሚ በሚኒባስ ታክሲ መምጣት ስለማይችል የኮንትራት ታክሲ ደርሶ መልስ ይታሰብለት፤ ረዳት ያለው ደግሞ የረዳቱ ምሳና መንገድ ይጨመር። አስተርጓሚ፣ ትራንስፖርት፣ ረዳትና ብሬል ከጠቅላላ በጀቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያዙላቸው። «ቢተርፍ» ተብሎ የተተወ አይተርፍም።

አምስት የሥልጠና ቀናት

በአንድ ክፍል ከ20 ሰው በላይ አታስገቡ፤ 60ውን በሦስት ዙር አሠልጥኑ። መስማት የተሳናቸው ሠልጣኞች ካሉ ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ። አንድ አስተርጓሚ ቀኑን ሙሉ ከተሰለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነገር መዝለል ይጀምራል፤ ሠልጣኙ ምን እንደቀረበት እንኳ አያውቅም። ጽሑፎቹን ከሦስት ቀን በፊት ላኩላቸው። አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን በቃሉ ይናገር፤ «ይኼኛው ከዚያኛው ይበልጣል» ለዓይነ ስውር ሠልጣኝ ምንም ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ለሲቪና ለማስረጃዎች ነው። ሁለተኛውን ለመብትና ለግዴታ አውሉት። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ የቃለ መጠይቅ ልምምድ ይሁን፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ልምምዱ ውስጥ ከባዱ ጥያቄ «ይህን ሥራ እንዴት ትሠራዋለህ?» የሚለው ነው። «እችላለሁ» ብሎ መመለስ ቀጣሪውን አያሳምነውም። እጁ ላይ ጉዳት ያለበት የመጋዘን አመልካች «ዕቃውን በጋሪ አንቀሳቅሳለሁ፣ ምዝገባውን በአንድ እጅ በታብሌት እሠራለሁ፤ ከ20 ኪሎ በላይ የሆነውን ለማንሣት አንድ ሰው ያስፈልገኛል» ሲል ጠያቂው ሥራውን በዓይነ ኅሊናው ያየዋል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ እንዲህ ያለ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይዞ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙት። አምስተኛው ቀን በሥራ ቦታ ጉብኝት ይለቅ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላላቸው ሰዎች የአዳራሽ ገለጻ አይጠቅምም። ሥራው ቦታ ላይ፣ በፎቶ በተከፋፈሉ አጫጭር ደረጃዎች፣ ከአጠገባቸው በማይለይ አንድ አሠልጣኝ ይማሩ፤ አሠልጣኙ ቀስ በቀስ ይራቅ።

የመድረኩ ቀን

ሰው በየጠረጴዛው እንዲሰለፍ አትተዉ፤ ክራንች የያዘ ሰው አንድ ሰዓት መቆም የለበትም። ቀጠሮ አውጡ። 60 አመልካች እያንዳንዱ ሦስት ቀጣሪ ካገኘ 180 ቃለ መጠይቅ ነው፤ ለ12 ጠረጴዛ ሲካፈል 15 ይደርሳል። በ20 ደቂቃ ሂሳብ አምስት ሰዓት ይሆናል፦ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 9፡00፣ አንድ ሰዓት ምሳን ጨምሮ። ከ60ው 20ው መስማት የተሳናቸው ከሆኑ የእነሱ ብቻ 60 ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም 20 ሰዓት ትርጉም ነው። ያለ ዕረፍት ቢሠራ እንኳ በአንድ ጊዜ አራት አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስድስት ቅጠሩ። አንድ አስተርጓሚ መድረክ ላይ አቁሞ ጠረጴዛዎቹን ባዶ መተው የተለመደው ስሕተት ነው። የክብር እንግዳ ንግግር በዋዜማው ይሁን፣ ወይም ከ3፡00 በፊት ይለቅ፤ አንድ ሰዓት የዘገየ መክፈቻ 36 ቃለ መጠይቅ ይበላል።

ጠዋት 2፡00 ላይ ቀጣሪዎቹን ለ30 ደቂቃ ሰብስባችሁ አመልካቾችን እንዴት እንደሚያነጋግሩ አሳዩአቸው። ጠያቂው ዓይኑን አስተርጓሚው ላይ ተክሎ «ምን እንደተማረች ጠይቃት» ይላል፤ አመልካቿ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንደሌለች ሰው ይወራባታል። ወደ እሷ እያየ «ምን ተማሩ?» ይበል። ዓይነ ስውር አመልካች ሲመጣ ጠያቂው የራሱን ስምና ኃላፊነት ይናገር፣ መንገድ ሲያሳይ እጁን ይዞ አይጎትት፤ ክንዱን ይስጥ። «እንዴት ሆነህ ነው እንዲህ የሆንከው?» የሚለው ጥያቄ ከሥራው ጋር አይገናኝምና አይጠየቅ። ፎቶ የሚነሣው የፈቀደ ብቻ ነው።

ከቅጥር በኋላ

ተመርጦ ሳይጀምር የሚቀር ሰው አለ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው። ለገንዘብ ያዥና ለንብረት መደቦች ዋስ ይጠየቃል፤ ከክፍለ ሀገር ብቻውን የመጣ ወጣት ዋስ የሚሆነው የለም። ቀጣሪው ሌላ ማስያዣ ይቀበል እንደሆነ ከመድረኩ በፊት ተነጋገሩ። ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ በሥልጠናው ሳምንት ይከፈት፤ ዓይነ ስውር ደንበኛን «ምስክር ይዘህ ና» ብሎ የሚመልስ ቅርንጫፍ ካለ መፍትሔው ያኔ ይፈለግ። የጤና ምርመራ ከተጠየቀ ሐኪሙ የሥራውን ዝርዝር አይቶ ይጻፍ፤ ዝርዝሩን እናንተ አያይዙለት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ክትትላችሁ በዚያ ውስጥ ይለቅ፦ በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛው ሳምንት፣ በ30ኛውና በ50ኛው የሥራ ቀን። ሠራተኛውንና የቅርብ አለቃውን ለየብቻ አነጋግሩ። «እንዴት ነው ሥራ?» ካላችሁ «ጥሩ ነው» ትባላላችሁ። «ትናንት ከተሰጠህ ሥራ ያልተጠናቀቀው የትኛው ነው? ምን ጎደለህ?» በሉ። አለቃው «ፍጥነት ይጎድለዋል» ካለ በየትኛው ተግባር፣ በሰዓት ስንት፣ ሌላው ሠራተኛ በሁለተኛ ወሩ ስንት እንደነበረ ቁጥሩን ጠይቁና ቦታው ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። መብራቱ፣ የጠረጴዛው ከፍታ፣ ወይም በቃል ብቻ የተነገረ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ እስከ 60ኛው ቀን ድረስ ለማስተካከል ጊዜ አላችሁ።