ከረገፈ ቅጠል ስር ያሉ ትንንሽ እንጉዳዮችን እንዴት ፈልገን እንለያለን?

ወሎ ላይ ክረምቱ ሲገባ ሜዳ ላይ የሚወጣውን ትልቁን የጅብ ጥላ ሁሉም ያየዋል። ልጆች በእግራቸው ይመቱታል። እኔን የሚገርሙኝ ግን ጫካ ውስጥ በረገፈ ቅጠል ላይ የሚበቅሉት፣ ከክብሪት እንጨት የማይበልጡት ናቸው። እነሱን ለማየት መንበርከክ ነው።

ዋናው ጊዜያቸው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በልጉ ጥሩ ከጣለም ሚያዝያ አካባቢ ይገኛሉ። ዝናብ በዘነበ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሂዱ። ለኮምቦልቻ ሰው የጎፍ ደን ቅርብ ነው፤ ጥብቅ ደን ስለሆነ ግን መጀመሪያ ጠባቂዎቹን አስፈቅዱ።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ቢላ፣ እርሳስና ወረቀት ያዙ። ለመያዣ የእንቁላል ካርቶን ይበቃል። ፌስታል አይሆንም፤ ውስጡ ያልበውና ቤት ሳትደርሱ ይበሰብሳል።

ብዙ አትዙሩ። ጥላ ያለበትና ጎርፍ ቅጠል የከመረበት አንድ ቦታ ይበቃችኋል። የላይኛውን ደረቅ ቅጠል ቀስ ብላችሁ ግለጡ። ከስሩ ያሉት ቅጠሎች በስስ ነጭ ክር እርስ በርስ ተያይዘው ካገኛችሁ ቦታው ትክክል ነው። ፈንገሱ ያ ክር ነው፤ እንጉዳይ የምንለው ፍሬው ብቻ ነው። አይታችሁ ስትጨርሱ ቅጠሉን መልሱት።

አሁን ዋናው ነገር። እንጉዳዩን ነቅላችሁ አትውሰዱ፤ ከነቅጠሉ ወይም ከነጭራሮው አንሱት። አንዳንዱ ዝርያ የሚበቅልበትን ይመርጣል፦ አንዱ ቅጠል ላይ፣ ሌላው እንጨት ላይ፣ ሌላው ፋንድያ ላይ። ወይራ ይሁን ፅድ ወይስ ባህር ዛፍ፣ እዚያው ጻፉት። ይህ ከጠፋ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ብዙ አይረዳም።

ቀጥሎ እግሩን ፈትሹ። እንደ ፈረስ ጭራ ቀጭንና ጠንካራ ከሆነ ማራስሚየስ የሚባለውን የእንጉዳይ ወገን ጠርጥሩ። የደረቀውን ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ዘርግቶ ቅርጹን ከመለሰ ጥርጣሬያችሁ ይጠነክራል። እግሩ ቶሎ የሚሰበር፣ ክዳኑ ደወል መሰልና ስስ ከሆነ፣ በላዩም መስመሮች ከታዩ ማይሴና የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። እግርም ክዳንም የሌለው፣ ውስጡ እንቁላል መሳይ ጠፍጣፋ ፍሬ የያዘ ትንሽ ጽዋ ካገኛችሁ ደግሞ ሳያተስ የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ፍሬዎቹ ተፈናጥረው ይወጣሉ።

ማታ ቤት ስትገቡ ክዳኑን ቆርጣችሁ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ከስሩ ባለው በሽንሽኑ በኩል ድፉት። አናቱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉና ሲኒ ክደኑበት። ጠዋት ከሽንሽኑ የረገፈውን ብናኝ ቀለም ታያላችሁ። የማራስሚየስም የማይሴናም ነጭ ነው። ዝገት መሳይ ቡናማ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ጋሌሪና የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። የዚህ ወገን አንዳንድ ዝርያዎች ጉበት የሚያጠፋ መርዝ አላቸው፤ መርዙ ቢቀቀልም አይለቅም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተበላ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይዘናጋል። እነዚህን ትንንሾች ማንም አይብላ፣ በቃ።

ማስታወሻችሁ ላይ «ማይሴና፣ ወይራ ቅጠል ላይ፣ የጎፍ» ብላችሁ ቀኑን ከጨመራችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። ዝርያውን ለይቶ ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።