አይኤልኤሱ ዝም ሲላችሁ፦ ለዲሲኤስ አብራሪዎች

ዲሲኤስ የጦር አውሮፕላን ማብረሪያ ሲሙሌተር ነው፤ አይኤልኤስ ደግሞ በሬዲዮ ምልክት ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራ የማረፊያ ሥርዓት ነው። የአይኤልኤሱን ፍሪኩዌንሲ በትክክል አስገብታችኋል፣ ወደ ማኮብኮቢያው ዞራችኋል፣ ቀርባችኋል ብዬ ልጀምር። ይህን ያላያችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ምልክት፦ ሁሉም በርቷል፣ የአይኤልኤሱ አመልካች መስመሮች ግን ንቅንቅ አይሉም

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። ሰዉ አውሮፕላኑን ይወቅሳል፣ ጨዋታውን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የነፋሱ ነው። ዲሲኤስ አይኤልኤስ የሚያበራው በነፋሱ መሠረት ለተመረጠው ማኮብኮቢያ ብቻ ነው።

ካውካሰስ ካርታ ላይ ያለውን የባቱሚን አየር ማረፊያ እንይ። አይኤልኤስ ያለው ለማኮብኮቢያ 13 ብቻ ነው (ቁጥሩ አቅጣጫው ነው፣ 130 ዲግሪ ገደማ፤ በተቃራኒው በኩል ሲታረፍበት 31 ይባላል)፣ በ110.30 ሜጋኸርዝ። ከጥቁር ባሕር በኩል መጥታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታርፋላችሁ። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ከሆነ ሲሙሌተሩ 31ን ይመርጥና የ13ን አይኤልኤስ ያጠፋዋል። 31 ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም። ኮቡሌቲ 07 (111.50) እና ሰናኪ 09 (108.90) እንዲሁ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያሳርፉት። ስለዚህ አንድ ጠንካራ የምዕራብ ነፋስ የዚያን አካባቢ አይኤልኤስ ጠራርጎ ያጠፋዋል።

አብሮን የሚበር አንድ ልጅ ራሱ በሠራው ሚሽን፣ በሌሊት፣ በዝናብ ባቱሚ ላይ ሲዞር አመሸ። ጆይስቲኩን ነቅሎ ሰካ። ኤፍ-16ቱን ረገመ። ነዳጁ አልቆ በፓራሹት ወረደ። የሚሽን መሥሪያውን ኤዲተር ከፍተን ስናይ የነፋሱ አቅጣጫ 120 ይላል። እሱ "ከ120 ይምጣልኝ" ብሎ ነው። ኤዲተሩ ውስጥ የሚጻፈው ግን ነፋሱ የሚሄድበት ነው፤ እንደ አየር ትንበያ የሚመጣበት አይደለም። 300 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ በሰላም ያርፍ ነበር። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ያንኑ አደረገ። አሁን "አይኤልኤስ ተበላሸ" የሚለኝን ሁሉ ሚሽኑን ሳይልክልኝ አላወራውም።

መፍትሔ፦ በአየር ላይ ከሆናችሁ ለማማው "ኢንባውንድ" በሉ። የትኛው ማኮብኮቢያ እንደሆነ ይነግራችኋል። 31 ካላችሁ ባቱሚ ላይ አትድከሙ፣ በዓይን እረፉ። ነዳጅ ካላችሁ ትብሊሲ ሂዱ፤ እዚያ በሁለቱም በኩል አለ፣ ለ13 110.30፣ ለ31 108.90። አዎ፣ የ13ቱ ከባቱሚ ጋር አንድ ቁጥር ነው። የትኛው ከተማ እንዳላችሁ እወቁ!

ምልክት፦ ኤፍ-16 ላይ የአይኤልኤስ ገጹ ይከፈታል፣ ምልክት የለም

ኦዲዮ 2 ፓነል ላይ ያለው የአይኤልኤስ ማዞሪያ ጠፍቶ ነው። አዙሩት።

ምልክት፦ ኤ-10ሲ ላይ ፓነሉ በርቶም ምንም የለም

ከፊት ያለውን የአይኤልኤስ ቁልፍም ተጫኑ። የቀኙ ፓነል ብቻውን አይበቃም።

ምልክት፦ የሁዱ (ከፊታችሁ መስታወት ላይ ያለው ማሳያ) መሪ ምልክት ከማኮብኮቢያው ጎን ይወስዳል

ኤፍ-16 ላይ ያስገባችሁት ኮርስ (የማኮብኮቢያው አቅጣጫ) ተሳስቷል ማለት ነው። ካርታው ላይ በማስመሪያ ለክታችሁ 126 ካገኛችሁ እሱ እውነተኛው ሰሜን ነው። ኮክፒቱ የሚሠራው በመግነጢሳዊ ነው። ካውካሰስ ላይ ስድስት ዲግሪ ገደማ ቀንሱ፣ 120 አስገቡ።

ምልክት፦ ሆርኔት (ኤፍ/ኤ-18) ላይ 110.30 የሚገባበት ቦታ የለም

አዎ የለም። አትፈልጉት። ያለው አይሲኤልኤስ ነው፣ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ለማረፍ ብቻ፣ ከ1 እስከ 20 ባለው ቻናል። ቻናሉን የሚወስነው ሚሽኑን የሠራው ሰው ነው። ብሪፊንግ ላይ ሳይጽፈው የሚለቅ ሰው ግን ያናድደኛል፤ ሰው በሌሊት ሃያውን ሁሉ እየሞከረ ይዙር?

ምልክት፦ የግላይድ ስሎፑ (የመውረጃ ማዕዘኑ) መስመር ከታች ተጣብቋል

ከፍ ብላችሁ መጥታችኋል። አፍንጫ ደፍታችሁ አታባርሩት! ዞራችሁ ከታች ግቡበት። ሦስት ዲግሪ ላይ ፍጥነታችሁን በኖት በአምስት አባዙ፤ 150 ከሆነ በደቂቃ 750 ጫማ ገደማ መውረድ ነው። ከ1,000 ካለፈ ልቀቁት፣ እንደገና ዙሩ።