ስኳርም አስምም ያለባት ድመት፦ አንዱ መድኃኒት ሌላውን ሲያበላሽ

አስሟን የሚያስታግሰው ኮርቲዞን ስኳሯን ከፍ ያደርገዋል፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፕሬድኒሶሎን ኪኒንም ሆነ ዴክሳሜታዞን ጉበቷ ስኳር እንዲያመርት ያደርጋሉ፤ ኢንሱሊኑም ሥራውን በቅጡ እንዳይሠራ ያግዱታል። ከሁሉ የሚከፋው አንዴ ተወግቶ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ የሚቆየው የሜቲልፕሬድኒሶሎን መርፌ ነው። አንዴ ከገባ ማውጫ የለውም። ስለዚህ ስኳሯ አልወርድ ሲል ኢንሱሊን ለመጨመር ከመቸኮልዎ በፊት ባለፉት ሳምንታት ምን እንደተወጋች ያጣሩ።

የሚሻለው ወደ ሳንባ የሚሳብ የኮርቲዞን ፓፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፍሉቲካዞን 110 ወይም 125 ማይክሮግራም ሲሆን በስፔሰር (ፓፉ ላይ በሚገጠም ባዶ ቱቦ) እና በጭምብል ጠዋትና ማታ ይሰጣል። ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ስኳሩን የሚነካው ከኪኒኑ በጣም ባነሰ መጠን ነው። ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት ግን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ኪኒኑ አብሮ ይሰጣል።

የድመት ስፔሰር ከጠፋ ፋርማሲ የሚሸጠው የሕፃናት ስፔሰር ያገለግላል። ጭምብሉ አፍና አፍንጫዋን ገጥሞ ይሸፍን፤ በጎን ክፍተት ካለ መድኃኒቱ ቤቱን ነው የሚያክመው። ፓፉን በደንብ ይነቅንቁ፣ ጭምብሉን ያስጠጉ፣ አንዴ ይጫኑ፣ ከዚያ ከ7 እስከ 10 ትንፋሽ ይቁጠሩ። ስትተነፍስ ቫልቩ ካልተንቀሳቀሰ ትንፋሿ አልከፈተውም ማለት ነውና ሌላ ይፈልጉ። ስፔሰሩን በፈሳሽ ሳሙና አጥበው ሳይወለውሉ በራሱ ጊዜ ይድረቅ፤ በጨርቅ ከታሸ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኪኒኑ ሲቀነስ ነው። በኮርቲዞን ምክንያት ከፍ ተደርጎ የነበረው ኢንሱሊን፣ ኮርቲዞኑ ሲወርድ ከመጠን በላይ ይሆናል። ኪኒኑ በተቀነሰ ቁጥር ኢንሱሊኑም ይፈተሻል። ኪኒኑን በድንገት ማቆምም አይቻልም፤ ሰውነቷ የራሱን ኮርቲዞል ማምረት እስኪጀምር ጊዜ ይፈልጋል። አቀናነሱን ሐኪሙ ያውጣ።

ኢንሱሊኑን በተመለከተ ለድመት ግላርጂን የተባለው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ይመረጣል፤ መነሻው ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ 1 ዩኒት ነው። ኤንፒኤች የተባለው ኢንሱሊን በድመት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ከእሱ ሌላ ካልተገኘ ልኬቱን ማዘውተር ግድ ነው። መርፌውን ልብ ብለው ይዩ፦ ተራው የ1 ሚሊ ሊትር መርፌ ላይ አንዱ መስመር 2 ዩኒት ነው፤ ስለዚህ 0.3 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን፣ ቢገኝ ግማሽ ዩኒት የሚያሳየውን ይጠይቁ። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ (ባለ 100) ኢንሱሊን ለባለ 40 በተሠራ መርፌ ከተቀዳ መጠኑ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ከተወጋች በኋላ ጸጉሯ ቢርስና መግባቱን ቢጠራጠሩ ደግመው አይውጉ።

ስኳሯን ለመለካት ደም የሚወሰደው ከጆሮ ጠርዝ ነው። በተለይ በሱሉልታና በለገጣፎ ብርድ ጠዋት ጆሮዋ ቀዝቅዞ ደም አልወጣ ይላል። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ይያዙበት፤ ከኋላ ጥጥ ደግፈው በደም ሥሩና በጠርዙ መካከል ይውጉ፤ ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጫን አድርገው ይያዙ። የሰው የስኳር መለኪያ ማሽን በድመት ደም ላይ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ቢሆንም ሁሌም አንድ ማሽን ከተጠቀሙ አካሄዱን ያሳያል። ከመርፌ በፊት ከ150 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ካነበበ ሐኪም ሳያማክሩ አይውጉ። የቀኑ ዝቅተኛ ከ80 እስከ 150 ቢሆን ጥሩ ነው። መጠን ሲቀየር በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን በየ2 ሰዓቱ ለክተው ይመዝግቡ።

ምግብ ላይ የከተማችን ድመት የምትጎዳው በጾም ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ድመቷም ሽሮና እንጀራ ይደርሳታል፤ ስኳሯ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሁዳዴ በፊት ሥጋ ገዝተው በየዕለቱ መጠን ቋጥረው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። ወጥ አይስጧት፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ሥጋ ብቻውንም ለዘለቄታው ካልሲየም ይጎድለዋልና ማሟያውን ሐኪሙን ይጠይቁ። ከእንጀራ ወደ ሥጋ ሲዞሩም ስኳሯ በራሱ ይወርዳል፤ ኢንሱሊኑ አብሮ ካልታየ አደጋ ነው።

ቡና ያለ እጣን ቡና አይመስልም፤ ለአስም ግን ከእጣኑና ከከሰሉ ጭስ የባሰ የለም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ድመቷን መኝታ ቤት አስገብተው በሩን ይዝጉ፣ ጭሱ ሳይወጣ አያውጧት። መጸዳጃዋ ላይ አመድ አያድርጉ፤ ታጥቦ የደረቀ አሸዋ አቧራው ያነሰ ነው።

መብራት ሲጠፋ አይደንግጡ። የተከፈተ ግላርጂን ከ30 ዲግሪ በታች 28 ቀን ይቆያል። የሚያበላሸው በረዶ ነው፤ ከፍሪዘሩ ግድግዳ አያስጠጉት።

ስኳሯ ከመጠን በላይ ወርዶ ከተንገዳገደች፣ ከፈዘዘች ወይም ማሽኑ ከ60 በታች ካነበበ ድዷን ማር ይቀቡ፣ መዋጥ ከቻለች ያብሏት፣ በ15 ደቂቃ ይለኩ፣ ለሐኪም ይደውሉ። እየተንቀጠቀጠች ከሆነ አፏ ውስጥ ምንም አያፍስሱ። ስኳሯ ከፍ ብሎ ካስታወካትና ምግብ ከተወች የዚያኑ ቀን ትታይ።

አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ዘርግታ የምትተነፍስ ከሆነ የትንፋሽ ቧንቧን የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ፓፍ በስፔሰር ሰጥተው ወደ ሐኪም ይሂዱ። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር ላሉ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርብ ነው። ሐኪሙ እዚያው ዴክሳሜታዞን ልውጋት ካለ አይከልክሉ፤ ትንፋሽ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ስኳሯ ሽቅብ ቢወጣ የሚጠበቅ ነው፤ በራስዎ ኢንሱሊን ጨምረው አያሳድዱት።